ባንኪ ወይስ ቢያንቺ? በጣልያን ዘመን የተጻፈ የቤተሰብ ስም ተከትሎ ዘመድ ስለ መፈለግ

የልጅ ልጅ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ጥያቄና መልስ ሳነብ ብቻ ቆይቻለሁ፤ አሁን የምጽፈው የአያቴን አባት ለማግኘት የጀመርኩት ፍለጋ አንድ ስም ላይ ደርሶ ስለ ቆመብኝ ነው።

አያቴ የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1931 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነው። እናታቸው የቦሩ ሜዳ ተወላጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው ከአስመራ በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በሚዘልቀው የመንገድ ሥራ ላይ ካቦ የነበረ ጣልያናዊ እንደሆነ በቤተሰቡ ይነገራል። አያቴ አባታቸውን አያስታውሱትም። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ደሴ ሲገቡ ከምርኮኞቹ ጋር ተወስዶ ይሁን ሸሽቶ፣ ከዚያ ወዲህ አልታየም።

በእጄ ያሉት ወረቀቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፎቶግራፍ ነው። በጀርባው ላይ የአያቴ እናት ወንድም፣ ድቁና የተማሩ ሰው ነበሩ አሉ፣ በቀለም «ሙሴ ጆባኒ ባንኪ» ብለው ጽፈዋል፤ ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ፣ በላቲን ፊደል የተሞነጫጨረ ፊርማና 12፣ 3፣ ከዚያም በሮማውያን ቁጥር 16 የሚል ቀን ይታያል። ሁለተኛው ግማሹ የተቀደደ የጣልያን መንግሥት ወረቀት ሲሆን፣ የአባት ስም በሚገባበት ቦታ «ኤን. ኤን.» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ በታይፕ ተመትተውበታል። ሦስተኛው አያቴ ከነጻነት በኋላ የገቡበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሰጣቸው ምስክር ወረቀት ነው። በእርሱ ላይ በላቲን ፊደል የሰፈረውን የአባት ስም ሁላችንም «ቢያንቺ» ብለን እናነበዋለን፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የወጣው ፓስፖርታቸውም በአማርኛው በኩል «ቢያንቺ» ይላል።

ባንኪ፣ ቢያንቺ እና ኤን. ኤን. አንድ ሰው ናቸው ወይስ የተለያዩ? ቀኑስ 1916 ከሆነ ሰውየው ከወረራው በፊት አገራችን ነበር ማለት ነው? አጎቴ «ኤን» ያለጥርጥር ኒኮላ ነው ብሎ በኒኮላ ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጎ ምንም አላገኘም።


መዝገብ አገላባጭ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ ጥያቄዎን በሚገባ ስላቀረቡት አመሰግናለሁ። የምኖረው ሮም ነው፤ የራሴን ቤተሰብ ወረቀት ስፈልግ የተማርኩትን ላካፍልዎ።

ከቀላሉ ልጀምር። በፎቶው ጀርባ ያለው 16 የእኛም ሆነ የፈረንጆቹ ዓመተ ምሕረት አይደለም። የፋሺስት መንግሥት ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር የራሱ ዘመን ነበረው፤ ዓመቱም በየጥቅምቱ መጨረሻ ይለወጥ ስለነበር 16ኛው ዓመት ከጥቅምት 29 ቀን 1937 እስከ ጥቅምት 28 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ፎቶው የተፈረመው መጋቢት 12 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1930 ዓ.ም. ይሆናል። አያትዎ የተወለዱት ከዚያ ዘጠኝ ወር በኋላ መሆኑን እርስዎም ሳያሰሉት አይቀሩም።

«ኤን. ኤን.»ም የማንም ስም አይደለም። በላቲን «ስሙን አላውቅም» ለማለት የሚጻፍ አሕጽሮት ሲሆን፣ የጣልያን ጸሐፊዎች አባቱ ላልታወቀ ወይም አባቱ እንዲታወቅ ላልተፈለገ ልጅ ያስገቡት ነበር። ለአጎትዎ ድካም አዝናለሁ፤ ኒኮላ የሚባል ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ስም ተለዋውጦ ስናገኝ «ስሕተት ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት ብዕሩን የያዘው ማን ነበር፣ የሰማውስ በየትኛው ቋንቋ ጆሮ ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ጣልያንኛ «ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው ሲመጡ «ክ» ብሎ ያነባል፤ እንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ ግን ያንኑ «ች» ይለዋል። ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው «ሲ ኤች አይ» ከሆነ ጸሐፊዋ የጻፈችው «ቢያንኪ» ነው። «ቢያንቺ» የሚባለው ስም የተወለደው ፓስፖርት በሚሞላ ሰው ዓይን ውስጥ ነው፤ ጣልያን አገር ይህን ስም ይዘው ቢጠይቁ የሚያውቅልዎ አያገኙም።

ይህ በእርስዎ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። ከረን በጣልያን ካርታ ላይ እንግሊዝኛ ለለመደ ሰው «ቸረን» ሆና ትነበባለች። ኪዳኔ «ቺዳኔ» ይሆናል። ሹምባሺ የሚለው የአስካሪ፣ ማለትም በጣልያን ጦር ያገለገለ የአገሬው ተወላጅ ወታደር፣ ማዕረግ በ«ኤስ ሲ» ስለሚጻፍ አንዱ የማውቀው ወጣት የቅድመ አያቱን ስም «ስኪዩምባስኪ» ነው ብሎ ሲያስረዳኝ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኛል። ቀኛዝማች ደግሞ «ካግናስማክ» ተብሎ ሲነበብ የሰው ስም እንጂ ማዕረግ አይመስልም፤ እንዲያውም የአያታቸውን ማዕረግ እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው የቀሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።


የሹምባሺ ልጅ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶ አገላባጭ በእኔ ዘመድ አልሳቁም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የእኔ ጉዳይ ከእህታችን ተገላቢጦሽ ነው፤ የምፈልገው በጣልያን ወረቀት ውስጥ የተቀበረ ሐበሻ ነበር። አያቴ ከአካለ ጉዛይ ተመልምለው በጣልያን ጦር ያገለገሉ፣ ከሙንታዝነት ተነሥተው ቡሉክባሺ፣ በመጨረሻም ሹምባሺ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ቤተሰቡ በኋላ አዲስ አበባ ስለገባ እኔ ያደግሁት አማርኛ እየተናገርኩ ነው። ስማቸው በ«ወልደ» ይጀምራል። አንድ መዝገብ ቤት በ«ደብልዩ» የሚጀምር ስም ልኬ ከስምንት ወር በኋላ «የለም» የሚል መልስ ደረሰኝ። ጣልያንኛ «ደብልዩ»ን በራሱ ቃላት ውስጥ ስለማይጠቀምበት ወልደ፣ ወርቁ፣ ወይዘሮ ሁሉ የሚገኙት በ«ዩ» ሥር ነው፤ በ«ዩ» በጠየቅሁ ጊዜ ግን መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ይዞ መጣ። የአያቴ ስም ከአባታቸው ስም ጋር የተያያዘው «ፉ» በሚል ቃል ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይህ «ፉ» የሚባል ሰው ማን ነው ብሎ አንድ እሑድ ሙሉ ተከራከረ፤ አንዷ አክስቴ ቻይናዊ ሳይኖርብን አይቀርም እስከ ማለት ደረሰች። ነገሩ ቀላል ነው፦ በቀድሞው የጣልያን አጻጻፍ አባቱ በሕይወት ያለ ሰው «ዲ» እገሌ፣ አባቱ የሞተበት ደግሞ «ፉ» እገሌ ይባላል። ይህች ሁለት ፊደል ቅድመ አያቴ ልጃቸው ሲመለመል በሕይወት እንዳልነበሩ ነገረችን፤ ይህን ከቤተሰቡ ማንም አያውቅም ነበር።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን የስም ቅደም ተከተል ነው። የጣልያን መሥሪያ ቤት የቤተሰብን ስም ያስቀድማል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችንና የአባታችን ስም ነው። አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ሌላው ግን እንደተነገረው ይተወዋል። «ተስፋይ ኪዳኔ» እና «ኪዳኔ ተስፋይ» አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ። እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. አስመራ ከገቡ በኋላ ደግሞ ያው ሰው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ እንደገና ይመዘገባል፤ በ«ሲ» የነበረው ወደ «ኬ»፣ በ«ዩ» የነበረው ወደ «ደብልዩ» ይዛወራል። የኮምፒውተር ፍለጋም እዚህ ላይ ያጠምዳል። ሳውንዴክስ የሚባለው፣ በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት የተሰጠው የስም መፈለጊያ ዘዴ ድምፃቸው የሚቀራረብ ስሞችን በአንድ ቁጥር ያሰባስባል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ግን እንዳለ ስለሚተወው የአንድ አያት ሁለት ወረቀቶች ፈጽሞ አይገናኙም።


ተጠራጣሪው፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከላይ የተባለውን አልቃወምም፤ ነገር ግን «ቢያንኪ ነው» ብሎ ለመደምደም ገና ነው።

ምስክር ወረቀቱን ማን እንደጻፈው እናስብ። የአያትዎ አባት በዚያን ጊዜ አልነበረም። የጣልያን መንግሥት ወረቀት ስሙን አልያዘም። እናትየው ልጃቸውን ይዘው ሚሲዮን ቤት ሲሄዱ መነኩሲቷ «የአባቷ ስም ማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ የሰማችው የእናትየውን አፍ ብቻ ነው፤ እርሳቸውም የሚሉት ወንድማቸው ፎቶው ላይ የጻፉትን፣ «ባንኪ» የሚለውን ነው። መነኩሲቷ ጣልያናዊት ከነበረች «ባንኪ» የሚል ድምፅ ሰምታ ከምታውቃቸው ስሞች ሁሉ የቀረበውን መምረጧ አይቀርም። ቢያንኪ ደግሞ ጣልያን አገር በእያንዳንዱ ቀበሌ የሚገኝ ስም ነው፤ ትርጉሙም «ነጮች» ማለት ነው። ያማረው የላቲን አጻጻፍ ከአማርኛው የበለጠ ትክክል መስሎ የሚታየን ስለተማርንበት እንጂ ለምንጩ ስለቀረበ አይደለም። ዲያቆኑ ሰውየውን በዓይናቸው አይተው፣ ስሙን ከአፉ ሰምተው ጽፈዋል፤ መነኩሲቷ አላየችውም።

የዲያቆኑ ጆሮም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። የድሮ ሰው «ፕ» እና «ቭ» አይሆንለትም። ፖስታ ቦስታ ይሆናል፣ ጆቫኒ እንደምናየው ጆባኒ ሆኗል፣ እርስዎ ራስዎ በጽሑፍዎ የተጠቀሙበት «ካቦ» የሚለው ቃል በጣልያንኛ «ካፖ» ነው። ስለዚህ «ባንኪ» በ«ቢ» ብቻ ሳይሆን በ«ፒ» የሚጀምር ስም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ጣልያንኛ ግን ድርብ ፊደል ይጽፋል። «ሮሲ» ብለን ስንጽፍ ሁለት የተለያዩ የጣልያን ቤተሰቦችን በአንድ ቃል ጠቅልለናል። እኔ ብሆን ቢያንስ አራት አጻጻፍ ይዤ እፈልግ ነበር።

አጥብቄ የምለምንዎ ደግሞ ይህን ነው፤ ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ የአንድን የጣልያን ቤተሰብ በር እንዳያንኳኩ። እንደ ቢያንኪ የበዛ ስም ያለ ቀን፣ ያለ ትውልድ ቦታና ያለ አባት ስም ምንም አያረጋግጥም።


የሕግ ሰው፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

«ኤን. ኤን.» ለምን እንደተጻፈ በሕጉ በኩል ላብራራ፤ ምክንያቱም አባትየው ልጁን የካደ ክፉ ሰው ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኮላል።

በሚያዝያ 19 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የጣልያን ድንጋጌ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖርን የጣልያን ዜጋ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣ ነበር። አያትዎ የተወለዱት ይህ ድንጋጌ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አባትየው በመዝገብ ፊት ቀርቦ «ልጄ ናት» ቢል በራሱ ላይ ምስክርነት መስጠቱ ነበር። በግንቦት 13 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ጭራሽ በሩን ዘጋው፤ ከጣልያናዊና ከአገሬው ተወላጅ የሚወለድ ልጅ በጣልያናዊው ወላጅ እውቅና እንዳይሰጠው፣ የዚያንም ወላጅ የቤተሰብ ስም እንዳይይዝ በግልጽ ከለከለ። ስም በዚህ ጉዳይ ላይ የጸሐፊ ግድየለሽነት ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ ራሱ ከወረቀት ላይ አስወጥቶታል። በተቀደደው ወረቀት ላይ ቀን ካለ ከ1940 በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ይመልከቱ፤ ከሁለቱ የትኛው ድንጋጌ እንዳስፈራው ይነግርዎታል።

አባቱ ያልታወቀ መሆኑ በየወረቀቱ ላይ መጻፉ ራሳቸውን ጣልያናውያንንም ያሳፍር ስለነበር በ1955 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የወላጅ ስም በተራ ሰነዶች ላይ መጠቀሱ ቀርቷል። «ፉ»ም አብሮ የቀረው በዚያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከላይ «የቤተሰብ ስም የለንም» ተብሏል። በልማድ ልክ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንደሚኖረው ይደነግጋል፤ ሕጉ ጸድቆ ልማዱ ሳይቀበለው ቀረ እንጂ።


ከሪያድ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ የድሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዐረብኛ «ግ» ስለሌለው የአባቴን «ገብረ» የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ በ«ጂም» ጻፉት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት «ጀብረ» ሆነ፤ ልጄም እዚህ ሲወለድ የልደት ወረቀቱ «ጀብረ» ይላል። ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቼ ይህን መድረክ ካገኙት መልሱን እዚህ አስቀምጬላቸዋለሁ።


የልጅ ልጅ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቶቹን ስመረምር ነበር።

የተቀደደው ወረቀት ላይ የሚታየው ዓመት በሮማውያን ቁጥር 17 ነው፤ መዝገብ አገላባጭ ባስተማሩኝ ስሌት ከጥቅምት 1938 እስከ ጥቅምት 1939 እ.ኤ.አ. ማለት ስለሆነ ሰውየውን ያስፈራው የ1937ቱ ድንጋጌ መሆኑ ነው። የአያቴ እናት ስምም እዚያው ላይ «ኡኦይዘሮ» ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል፤ እስከ ዛሬ እኛ ስማቸው ሁለት ነው ብለን እናምን ነበር።

ከዚያም ፎቶውን መስኮት አጠገብ ወስጄ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አድርጌ በስልኬ አነሣሁት። ፊርማው ሲሰፋ የመጀመሪያው ፊደል ሆዱ ሁለት ነው፤ «ቢ» እንጂ «ፒ» አይደለም። ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደላይና ወደታች ተሞነጫጭሮ ማንበብ አይቻልም፤ ነገር ግን ከመስመሩ በላይ ሁለት ነጥቦች አሉ፣ አንዱ ከ«ቢ» አጠገብ፣ ሌላው በመጨረሻው ላይ። ባንኪ ቢሆን ኖሮ ነጥቡ አንድ ብቻ በሆነ ነበር። ተጠራጣሪው ወንድሜ ምን ይላሉ?

ይህን ይዤ ወደ አያቴ ሄድኩ። ዘንድሮ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞላቸው፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ ትዝታቸው ግን አልደከመም። ቀስ ብዬ «ቢያንኪ» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እናቴ እኮ እንዲህ ነበር የምትለው፤ እኔም እንዲያ ስል ትምህርት ቤት የገባችሁት ልጆች ናችሁ ወረቀቱን እያሳያችሁ ‘ቢያንቺ ነው የሚባለው’ ብላችሁ ያስተዋችሁኝ» አሉኝ። ያረሙዋቸው እናቴና አጎቴ ናቸው፤ እኔም በልጅነቴ አርሜያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም። እናታቸው ስለ ሰውየው ሲያወሩ፣ ሥራ ሲበላሽበትም ሆነ ሲገርመው «ቦታ! ቦታ!» ይል ነበር እያሉ ያስቁአቸው እንደነበር ነገሩኝ። ቤተሰቡ ይህን የሚረዳው መንገድ ሠራተኛ ስለሆነ ሰዉን ቦታ ልቀቁ ማለቱ ነው ብሎ ነው።


መዝገብ አገላባጭ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ የመጨረሻውን አንቀጽዎን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ተጠራጣሪው ያሉትን «ፕ» እና «ብ» ያስታውሱ። ሰውየው ይል የነበረው በአማርኛ «ቦታ» ሳይሆን «ፖታ» ነው። ይህ ቃል በሰሜን ጣልያን የቤርጋሞና የብሬሻ ሰዎች በየዓረፍተ ነገሩ ጣል የሚያደርጉት፣ ሲበሳጩም ሲደነቁም ከአፋቸው የማይጠፋ ነው። መነሻው ጨዋ ቃል ስላልሆነ ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬ ግን ማንም ሳይሸማቀቅበት ይናገረዋል፤ ሮም ውስጥ አንድ ሰው «ፖታ» ካለ የሚሰማው ሁሉ ከየት እንደመጣ ይገነዘባል። የእናታቸው ጆሮ ለሰማንያ ዓመታት ያስቀመጠው ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ፍለጋው ከመላው ጣልያን ወደ ሁለት ጠቅላይ ግዛት ወርዷል። ካቦውም ወታደር ይሁን ሲቪል ሠራተኛ ለዚህ ፍለጋ ለውጥ አያመጣም፤ በዚያ ዘመን ማንኛውም ጣልያናዊ ወንድ ለአቅመ ውትድርና ሲደርስ በተወለደበት ማዘጋጃ ቤት ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር። በቤርጋሞና በብሬሻ የሚገኙት የመንግሥት ቤተ መዛግብት የየአውራጃቸውን የውትድርና መዝገብ ይዘዋል፤ ሰነዱ «ፎልዮ ማትሪኮላሬ» ይባላል። በእርሱ ላይ የሰውየው አባትና እናት ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ቁመቱ፣ የፀጉሩና የዓይኑ ቀለም፣ ሙያው፣ አፍሪካ ከዘመተም የሄደበትና የተመለሰበት ቀን ይሰፍራል። በደብዳቤዎ ላይ ስሙን «ቢያንኪ፣ ጆቫኒ» ብለው የቤተሰቡን ስም አስቀድመው ይጻፉ። ጆቫኒ ብዙ ጊዜ ከሌላ ስም ጋር ተጣምሮ፣ ለምሳሌ «ጆቫኒ ባቲስታ» እየተባለ ስለሚወጣ ያንንም እንዲያዩልዎ ይጠይቁ። ዕድሜው ካልታወቀ ከ1898 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. የተወለዱትን ብለው ይገድቡት። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ጆቫኒ በላቲን «ዮአነስ» ሆኖ እንደሚጠብቅዎ አይርሱ።

ከዚያ ጎን ለጎን የጣልያን ቤተ መዛግብት «አንቴናቲ» በተባለው ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀመጡትን የልደት መዝገብ ማገላበጥ ይችላሉ። በእንግሊዞች ተማርኮ ከነበረ ደግሞ ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የምርኮኞችን ዝርዝር ስለያዘ ለእርሱም መጻፍ ይቻላል፤ እዚያ ግን መዝጋቢው እንግሊዛዊ ሊሆን ስለሚችል በ«ኬ» የተጻፈ ቢያንኪ ቢያገኙ እንዳይደነግጡ።


ተጠራጣሪው፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁለቱን ነጥቦች ምስሉን ስላስቀመጡልን ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ነጥብ የቀለም ጠብታ ሊሆን ይችላል ብዬ ለመከራከር ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱም ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፣ ብዕሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነሣ የተወው ጭራ በሁለቱም ላይ ይታያል። ስለ ስሙ ተረትቻለሁ። ስለ ቤርጋሞው ግን አንድ የቁጣ ቃል በሰማንያ ዓመት የቤተሰብ ወግ ውስጥ አልፎ የመጣ መሆኑን አልረሳም፤ ሰውየው ቃሉን ከሥራ ባልደረቦቹ ለምዶት ሊሆን ይችላል። ማስረጃ አልለውም። ሁለት ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ይበቃል።


የሹምባሺ ልጅ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ሲጽፉ «ፉ» ወይም «ዲ» ከስሙ ቀጥሎ ካለ እንዲገልጹልዎ ይጠይቁ፤ አንዳንድ መዝገብ ቤት ጠቃሚ አይደለም ብሎ ይዘለዋል። በተጨማሪም የአያትዎን የክርስትና ስም ከእርሳቸው ይያዙ። ደሴ ላይ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ከሆነ የሚገኙት ሰው በሚጠራቸው ስም ሳይሆን በዚያኛው ነው።


የልጅ ልጅ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁለቱም ደብዳቤዎች ትናንት ወጥተዋል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው፤ እስከ ዛሬ ማናችንም ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር። ከደብዳቤዎቹ ጋር የፎቶውን የፊትና የጀርባ ቅጂ፣ የተቀደደውን ወረቀትና የትምህርት ቤቱን ምስክር ወረቀት አያይዣለሁ። ፓስፖርቱን አልላክሁም፤ አያቴ «እሱ የእናንተ ስሕተት ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል» ስላሉኝ። መልስ ሲመጣ እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ።